ጥበበ እድ ከማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እጅ ሙያ ነው። ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንነሣ። እግዚአብሔር የምስክሩን ድንኳን ሥራ ለሙሴ ባዘዘ ጊዜ፣ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን በስሙ ጠራው፤ መንፈሱንም ሞላበት። ከዳን ነገድ ኤልያብን ረዳት ሰጠው። ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ መንፈስ የሞላበት ሰው ነቢይም ካህንም አይደለም። ናስ የሚያቀልጥ፣ እንጨት የሚጠርብ፣ ለፈርጥ የሚሆን ድንጋይ የሚቀርጽ ነው። ስለዚህ ጥበበ እድ የመንፈስ ቅዱስ ሀብት ነው እንላለን።

ሰው ታዲያ ፈጣሪ ሆነ ማለት ነው? አይደለም። እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር የሚያመጣ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሰው ካለው ነገር ያበጃል። ሀብቱም የተሰጠ እንጂ የራሱ ስላልሆነ ሊያጠፋበት ይችላል። ባስልኤል በተጠራበት ምዕራፍ ማግስት፣ በምዕራፍ 32፣ በዚያው በእጅ ጥበብ የወርቅ ጥጃ ተሠርቷል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ ያበጃል። ማረሻውንና ወገሉን ግን ያለ ብረት ሠሪ አያገኝም። ጤፉም፣ በቆሎውም፣ የቡሬው በርበሬም ከዚያ ብረት በኋላ የሚመጣ ነው። ለመሥዋዕት የሚቀርበው ስንዴ ሳይቀር በማረሻ ከታረሰ መሬት የተገኘ ነው። ታዲያ ማረሻውን ከቀጠቀጠው ሰው ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ልጁንም ለዚያ ሰው ልጅ የማይድር ምእመን፣ ቅዱስ ቍርባኑን በምን ልቡና ይቀበላል?

«ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚሉ አሉ። ይህ የሃይማኖት ስሕተት ነው። በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረ ሰው በሙያው ምክንያት ባሕርዩን ለውጦ አውሬ አይሆንም። ርኩስ መንፈስም እንደ መዶሻና እንደ ወናፍ ከአባት ወደ ልጅ አይወረስም። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ሰብኳል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ብረት ሠሪውን በእሳቱ ወላፈን ፊት አቁሞ ያሳየናል፤ ያለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከተማ እንደማይቀና ያስተምራል። እርግጥ ነው፣ ሲራክ እዚያው ላይ ጸሐፊውን ያስበልጣል። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ይህችን ክፍል አጥብቀን ይዘን የቀረውን ሳንቸገር አልፈነዋል።

በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳልነበረ ተጽፏል። ፍልስጤማውያን ከልክለው ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ፣ ዋጋም ይከፍል ነበር። እስራኤልን ባለሙያ የነሣ ጠላት ነው። እኛን ማን ነሣን? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከቤት አልወጣም።

ሙያ ሲከበር የሚያፈራውን ለማየት ወደ ሌላ አገር እንሻገር። ከአዋጁ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1915)፣ ማኪታ ሞሳቡሮ የተባለ ሰው በጃፓን ናጎያ ከተማ አንድ ሥራ ቤት ከፈተ። አዲስ ነገር አልፈለሰፈም፤ የመብራት ዕቃ፣ ሞተርና ትራንስፎርመር ይሸጥና ይጠግን ነበር። ሲጠግን ሲጠግን መሥራት ለመደ። እ.ኤ.አ. በ1935 ሞተር ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ። በ1945 የአየር ድብደባ ሲበረታ ቤቱ ወደ አንጆ ተዛወረ። ለጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ መላጊያ ለገበያ ያቀረበው በ1958 ነው፤ ከተከፈተ ከ43 ዓመት በኋላ! በባትሪ የሚሠራው ትራፓኖም በ1969 ተከተለ። የኤሌክትሪክ የእጅ መሣሪያ በማምረት የቀደሙት ሌሎች ናቸው፤ የጀርመኑ ፋይን በ1895 በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ሠርቷል፣ አሜሪካዊው ብላክ ኤንድ ዴከር በ1910 በባልቲሞር ተመሥርቷል። ማኪታን የመረጥኩት ከጥገና ስለ ተነሣ ነው፤ በየከተማችን የሚጠግን ሰው ሞልቷልና።

«እነዚህ ያልተጠመቁ ሰዎች እንዴት ይህን ሀብት አገኙ?» የሚል ሊኖር ይችላል። የሰሎሞንን መቅደስ የናስ ሥራ የሠራው ኪራምም አባቱ የጢሮስ ሰው ነበር። እግዚአብሔር ዝናሙን ለሁሉ ያዘንማል፤ ጥበብንም እንዲሁ። ልዩነቱ ተቀባዩ ሀብቱን በማክበሩና በመናቁ ላይ ነው። ለእኛም ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቷል፤ አቃቂ ላይም የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካ ተተክሏል። ትምህርት ቤቱም ፋብሪካውም እያለ ሙያው በየቤቱ የሚያፍሩበት ከሆነ ግን ዘሩ በድንጋይ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቴክኒክና ሙያ ሲገባ እንደ ወደቀ አትቍጠሩት። ሽማግሌዎች፣ ለጋብቻ ስትላኩ የአባቱን ወናፍ እንደ ነውር አታንሡ። ካህናት አባቶቻችን፣ የንስሐ ልጆቻችሁን ስትጠይቁ «ባለሙያ ሰድበህ ታውቃለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ኃጢአት መሆኑን ያላወቀ ብዙ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።