ተከራይን በራስ መፈለግ ወይስ ቤቱን ለአስተዳዳሪ መስጠት?

ቤት ማከራየት ከሩቅ ሲታይ አንድ ሥራ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ሦስት ሥራ ነው፦ ተከራይ መፈለግ፣ ተከራይ መምረጥና መዋዋል፣ ከዚያም ውሉ እስኪያልቅ ቤቱንና ገንዘቡን መጠበቅ። ብዙ የአዲስ አበባ አከራዮች ገንዘብ የሚከፍሉት ለመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚከስሩት ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። በመሆኑም “በራሴ ልፈልግ ወይስ ለሰው ልስጠው?” ብሎ የሚጠይቅ አከራይ ከሁሉ በፊት ለየትኛው ሥራ ረዳት እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ልዩነቱ ድሮም የነበረ ነው። ክብደቱ የጨመረው ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይከፈላል። አዋጁ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይደለም።

ይህ ለአከራዩ ምን ማለት ነው? በቀድሞው ልማድ አከራይ የ3 ወይም የ6 ወር ኪራይ አስቀድሞ ተቀብሎ ራሱን ያረጋጋ ነበር። ተከራዩ ካልተስማማውም ዋጋ ጨምሮ ወይም “ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነውና ቤቱን እፈልገዋለሁ” ብሎ ያሰናብት ነበር። አሁን እነዚህ መውጫዎች ጠበዋል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጣድፎ የተመረጠ ተከራይ ለ2 ዓመት የሚቆይ ተከራይ ነው። ስለሆነም ዋናው ሥራ ፍለጋው መሆኑ ቀርቶ ምርጫው ሆኗል።

የደላላው ጥቅም የሚያበቃበት ቀን

የሰፈር ደላላ ዋጋ የለውም የሚል ሰው ገበያውን አያውቅም። ማን ሊለቅ እንደሆነ፣ በየትኛው ብሎክ ውሃ እንደሚቆራረጥ፣ የትኛው ተከራይ ስንት ሊከፍል እንደሚችል ደላላው ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ፈጣንም ነው። ነገር ግን ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውል በተፈረመ ዕለት ነው። የእሱ ጥቅም የሚያበቃውና የአከራዩ ሥጋት የሚጀምረው በአንድ ቀን ነው ማለት ነው። ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ከሆነ ደግሞ የማን ሰው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላም ነገር አለ። “ትንሽ ብንጠብቅ ከፍ ባለ ዋጋ ይሄዳል” የሚለው ምክር ለጆሮ ይጥማል፤ በእርሳስ ሲሰላ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ በወር 30,000 ብር ሊከራይ የሚችል ቤት 33,000 ብር እስኪያወጣ ለ2 ወር ባዶ ቢቀመጥ አከራዩ 60,000 ብር አጥቷል። በየወሩ በምትገኘው የ3,000 ብር ብልጫ ይህን ለመመለስ 20 ወር ይፈጅበታል። ከ24 ወር ውል ውስጥ እውነተኛ ትርፍ የሚያገኝባቸው የመጨረሻዎቹ 4 ወራት ብቻ ናቸው።

በራስ መፈለግና ይሉኝታ

በመሥሪያ ቤት ባልደረባ፣ በዕድር፣ በልጆች ትምህርት ቤት ወይም በቴሌግራም አማካይነት ተከራይን በራስ ማግኘት ኮሚሽን የለበትም። ትልቁ ጥቅሙም ተከራዩን የሚያውቅ ሰው መሃል መኖሩ ነው። ወጪው ጊዜ ነው፤ ቤት ማሳየት፣ ስልክ መመለስ፣ የቀጠረ ሰው ሲቀር መታገስ።

ሆኖም ከጊዜው ይበልጥ ውድ የሚሆነው ይሉኝታ ነው። በወዳጅ በኩል የመጣን ተከራይ “የሥራ ማስረጃ አምጣ፣ ዋስ ጥራ፣ ውሉን እናስመዝግብ” ማለት የሚያሳፍረው አከራይ ብዙ ነው። ያፈረበትን ነገር ከወራት በኋላ በክርክር ይከፍለዋል። በራሱ የሚያከራይ ሰው ለማንም የማይለወጥ አንድ ሥርዓት ቢያበጅ ይሻለዋል፦ የታደሰ መታወቂያ፣ የገቢ ወይም የሥራ ማስረጃ፣ በቤቱ የሚኖረው ሰው ቁጥርና የቀድሞ አከራይ ስልክ። አሁን ያለበትን አከራይ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ተከራዩ እንዲለቅለት የሚፈልግ አከራይ ማመስገኑ አይቀርምና፣ ከእሱ በፊት የነበረውን መጠየቅ ይበልጥ እውነት ያስገኛል።

አስተዳዳሪ የሚሸጠው ምንድን ነው?

የግል ቤትን በክፍያ ማስተዳደር በከተማችን ሥር የሰደደ ሙያ አይደለም። ምክንያቱም ይታወቃል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት በቀበሌ፣ 100 ብርና ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ለረጅም ዘመን “የቤት አስተዳዳሪ” ማለት መንግሥት ነበር። ሙያው በግሉ ገበያ ገና እየቆመ በመሆኑ፣ በአስተዳዳሪነት ስም የሚመጣ ሰው አንዳንዴ ስሙን የለወጠ ደላላ ይሆናል። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ውሉ ከተፈረመ በኋላ ምን ትሠራለህ?”

እውነተኛ አስተዳዳሪ ኪራይ ይከታተላል፣ ቤቱን በየጊዜው ያያል፣ የቧንቧና የመብራት ብልሽት ያስጠግናል፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከሆነም የነዋሪዎች ማኅበሩን ወጪ ይከፍላል፣ በየወሩም ሂሳብ ያቀርባል።

ዋጋውን ለማመዛዘን ምሳሌውን እንቀጥል። አስተዳዳሪው ከተሰበሰበው ኪራይ 8 በመቶ ቢጠይቅ በወር 2,400፣ በ2 ዓመት 57,600 ብር ይሆናል። ደላላው ደግሞ አንድ ጊዜ የአንድ ወር ኪራይ ማለትም 30,000 ብር ይውሰድ እንበል። ልዩነቱ 27,600 ብር ነው፤ ከአንድ ወር ኪራይ ያነሰ። እንግዲህ ጥያቄው፣ አስተዳዳሪው በ2 ዓመት ውስጥ የአንድ ወር ኪራይ ያህል ጥፋት ያድናል ወይ የሚለው ነው። ክፍያው በውል ላይ ከተጻፈው ሳይሆን ከተሰበሰበው ኪራይ እንዲታሰብ መዋዋልም ብልህነት ነው። ተከራዩ ባልከፈለበት ወር አስተዳዳሪውም እንዳይከፈለው ይሆናልና ክትትሉ ይጠነክራል።

የውክልናው ወረቀት

በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ያለ ወኪል አይሆንለትም። አደጋው ያለው ወኪል በመኖሩ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ በሚሰፍረው ቃል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 እንደደነገገው፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን ነው። ንብረትን መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለማከራየት ብቻ ወኪል የሚሾም ባለቤት “እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ” የሚል ከሌላ ውክልና የተቀዳ ሐረግ ላይ መፈረም የለበትም። ዘመድም ቢሆን፣ ይልቁንም ዘመድ ከሆነ። የአዋጁ ዝቅተኛ ዘመን 2 ዓመት፣ የጠቅላላ ውክልናው ጣሪያ 3 ዓመት በመሆኑም ወኪሉ የሚዋዋለው በእነዚህ መካከል ነው። ኪራዩ በባለቤቱ የባንክ ሂሳብ ገብቶ የአስተዳዳሪው ድርሻ ከዚያ ቢከፈለው ይመረጣል። የኪራይ ገቢ ግብሩ ዕዳ የባለቤቱ ነውና የባንክ መዝገቡ ለዚያም ይጠቅመዋል።

ማን የትኛውን ይምረጥ?

በአንድ ግቢ ከተከራዩ ጋር የሚኖር፣ ወይም አንድ ቤት ኖሮት በከተማው ያለ አከራይ በራሱ ቢፈልግና ቢያስተዳድር ያዋጣዋል። ጊዜ ያጠረው ደላላን ለፍለጋው ብቻ ይጠቀም፤ ምርጫውንና ውሉን ግን ለማንም አይተው። አራትና አምስት ቤት ያለው፣ ወይም በባሕር ማዶ የሚኖር ደግሞ የአስተዳዳሪውን ክፍያ እንደ ጥገና ወጪ ቆጥሮ አስቀድሞ በኪራዩ ስሌት ውስጥ ያስገባው።

በሦስቱም መንገድ የማይቀር አንድ ሥራ አለ። ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ የበርና የመስኮት፣ የመታጠቢያ ቤትና የኩሽና ዕቃ ሁኔታ ተጽፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት። አንድ ሰዓት ያልሞላ ሥራ ነው፤ ከ2 ዓመት በኋላ “ስገባ እንዲህ ነበር” የሚለውን ክርክር የሚዘጋውም እሱ ነው።