ጓሮን የምትጎበኘው ባለሰም ክንፍ ወፍ

በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ሴዳር ዋክስዊንግ ስሟን ያገኘችው በክንፏ ላባዎች ጫፍ ላይ ከሚታዩ፣ የቀለጠ ሰም ጠብታ ከሚመስሉ ቀይ ነጥቦች ነው። ክብደቷ 30 ግራም ያህል ነው። አናቷ ላይ ቡናማ ጉትያ፣ ዓይኗን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመርና ቢጫ የጅራት ጫፍ አላት።

ዋነኛ ምግቧ ፍሬ ነው። ስለዚህ ሊያያት የሚሻ ሰው እህል ከመበተን ይልቅ ፍሬ ያዘሉ ዛፎችን ቢከታተል ይሻላል። በክረምት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጓሮዎች መንጋው ፍሬ ባለበት ይሰፍራል፤ ፍሬው ሲያልቅ ይሄዳል። መምጣቱን የሚያስታውቀው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነው።

ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ከዛፉ ራቅ ብሎ በጸጥታ መጠበቅ አለበት። የካሜራውን ፍጥነት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ላይ አድርጎ ዓይኗ ላይ ማነጣጠር ጥርት ያለ ምስል ያስገኛል። በምስሉ ላይ የጅራቷ ጫፍ ብርቱካናማ ሆኖ ቢታይ የካሜራ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ላባው ሲያድግ ከእስያ የመጣ የሃኒሰክል ቁጥቋጦ ፍሬ የበላች ወፍ እንዲህ ያለ ቀለም ታወጣለች።

ፍሬ ሁሉ ግን አይስማማትም። ለጌጥ የሚተከለው ናንዲና ቀይ ፍሬው ሳያናይድ የተባለ መርዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጆርጂያ ግዛት ይህን ፍሬ አብዝተው የበሉ በርካታ ወፎች ሞተው ተገኝተዋል። ናንዲና በጓሮው ያለው ሰው ፍሬውን ቆርጦ ቢያስወግድ ወይም በምትኩ የአገሩን የዶግዉድ ዛፍ ቢተክል፣ እንግዶቹን በደኅና ይሸኛቸዋል።