መነጽሩ ጉልበት አያጥፍም

አክስቴ ጉልበቷ ተቀይሮ ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት «ያንን መነጽር ለምን አላዘዙልኝም?» አለችኝ። እዚሁ ክላፋም ያሉ ጎረቤቷ ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ቪዲዮ አሳይተዋት ነው። ነርሲንግ የምማረው እኔ ስለሆንኩ መልሱ ከእኔ ይጠበቃል። አላውቅም ማለት አፍሬ ሄጄ አነበብኩ።

መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ። በቀዶ ጥገናው የተበላው የመገጣጠሚያ ገጽ ተነስቶ በብረትና በፕላስቲክ ይተካል። ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ከጠባሳው ጋር ነው፤ ጉልበቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደንብ ካልታጠፈና ካልተዘረጋ ግትር ይሆናል። ሜዳ ላይ ለመራመድ ወደ 65 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል፤ ደረጃ ለመውረድ ወደ 90፣ ዝቅ ካለ መቀመጫ ለመነሳት ደግሞ ከ100 በላይ ያስፈልጋል። አክስቴ የምትፈልገው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ማፍላት ነው። እንግዲህ አስቡት።

ልምምዱ ያማል፣ ይሰለቻልም። መነጽሩ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፦ ዓይንና ጆሮ በሌላ ዓለም ሲያዙ ለህመሙ የሚቀረው ትኩረት ያንሳል። አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን ቁስላቸው ሲጸዳ ለሚሰቃዩ የቃጠሎ ታካሚዎች «ስኖው ወርልድ» የተባለ የበረዶ ዓለም ያዘጋጁት ለዚህ ነበር።

ጉልበት ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ከትልልቆቹ አንዱ በ2020 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ሲሆን 306 ሰዎች ነበሩበት። እሱም መነጽር አልነበረውም፤ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ስክሪን ላይ ያለውን ምስል እየተከተለ ይሠራል፣ ካሜራ እንቅስቃሴውን ይለካል፣ ፊዚዮቴራፒስት ከሩቅ ይከታተላል። ውጤቱ ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ አላነሰም፣ ወጪውም ቀነሰ። «አላነሰም» ማለት ግን «በለጠ» ማለት አይደለም።

ቤታችሁ መነጽር ካለና ፊዚዮቴራፒስቱ ከፈቀደ፣ ተቀምጦ በሚሠራ ልምምድ ብቻ ተጠቀሙበት። ክፍሉን ሳያዩ በአዲስ ጉልበት መቆም መውደቅን መጋበዝ ነው። ባት ካበጠና ካመመ ልምምዱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም አነጋግሩ፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ 999 ደውሉ።

እኔ ያየኋቸው ፕሮግራሞች ሁሉ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አክስቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ወደ ኋላ ስትስብ በአማርኛ የምቆጥርላት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ የልጅነቷን ወሬ ታወራልኛለች። ወሬው ሲደምቅ ቁጥሩ ይጠፋብንና አሥር የተባለው አሥራ አምስት ይሆናል፤ ያኔ አታማርርም።

ባለፈው ሰኞ በክራንች እስከ ክላፋም ኮመን ባንድስታንድ ሄደን ተመለስን። በርጩማውን ገና አላወጣነውም።