ጌዲን በእግሩ ለሚዞር ልጅ

የወንድሜ ልጅ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ልትወርድ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ላደገ ሰው የጥንት ከተማ ማሰብ ይከብደዋል። ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ ሲፈርስና በቦታው ባለ ብዙ ፎቅ ሲቆም እያየህ ነው ያደግከው። ናይሮቢ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሰፈሩባት ጣቢያ ነበረች። ከዚያ በፊት በኬንያ ከተማ አልነበረም ብለህ እንዳትኖር የፈረሰችውን የጥንት ከተማ ጌዲን ሂድና እያት። ከማሊንዲ ወደ ደቡብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞምባሳ በባቡር ወርደህ በማሊንዲ መንገድ ማታቱ (ሚኒባስ) ያዝ።

1. የመጀመሪያውን ዙር ብቻህን ዙር። በሩ ላይ አስጎብኚ ታገኛለህ፤ ለሁለተኛው ዙር ያዘው፣ ዋጋውንም አትከራከረው። ግን አስቀድመህ ታሪኩን ከሰማህ ዓይንህ የተነገረህን ብቻ ይፈልጋል። ደግሞ በዚህ ከተማ ላይ አንብበህ የምትዘጋጅበት የዘመኑ ጽሑፍ ብዙ የለም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1498 ማሊንዲ ደርሰው ለመቶ ዓመት ያህል ተመላልሰውበታል፤ ስለ ጌዲ ግን የጻፉት አልተገኘም። ያን ያህል ቅርብ ሆና! ከጫካ ያወጣት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የቆፈረው አርኪዮሎጂስቱ ጄምስ ኪርክማን ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

2. በማለዳ ግባ። ሙቀቱ ከረፋዱ ጀምሮ ይከብዳል። ውሃ ያዝ፣ ምግብ ግን በእጅህ አትያዝ፤ ጦጣዎቹ ይነጥቁሃል።

3. ከቤተ መንግሥቱ በፊት የውሃ ጉድጓዱንና መጸዳጃ ቤቱን ፈልግ። ይህን የምልህ አጥብቄ ነው። ሰው ሁሉ ቅስት ያለው በር ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣና ይሄዳል። አንተ ግን ውሃው ከየት ተቀድቶ በየት እንደፈሰሰ ተከተል። በታላቁ መስጊድ አጠገብ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የሚሆነው ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድ አለ። በየቤቱ ውስጥ መታጠቢያና መጸዳጃ ታያለህ። ከ500 ዓመት በፊት ሰው በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጽሕና ይጠብቅ ነበር፤ ግንቡም በኮራል ድንጋይና ከእሱ በተቃጠለ ኖራ የተሠራ ነው። ጠጋ ብለህ ካየኸው የጥንቱ የባሕር ፍጥረት ቅርጽ በድንጋዩ ላይ ይታያል።

4. የቤቶቹን ስም አንብብ። የመቀስ ቤት፣ የዛጎል ቤት፣ የብረት መብራት ቤት ይባላሉ። ስሙን ያወጡት ቆፋሪዎቹ ናቸው፤ በየቤቱ ባገኙት ዕቃ ጠሩት። የባለቤቶቹ ስም ጠፍቶ መቀሳቸው ተረፈ። ከቻይና የመጣ ሸክላም ብዙ ተገኝቷል። ይህ እንግዳ እንዳይሆንብህ፦ ማሊንዲ እ.ኤ.አ. በ1415 ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ቀጭኔ የላከች አገር ናት። እኛ ዛሬ ናይሮቢ ላይ ቻይናዎች መንገድ ሲሠሩ ስናይ ነገሩ ትናንት የተጀመረ ይመስለናል።

5. ባዶውን ቦታ አትለፈው። ከተማዋ በውጭው ቅጥር ውስጥ ወደ 18 ሄክታር ትሰፋለች፣ 2500 ያህል ሰውም እንደኖረባት ይገመታል። የቆሙት ግንቦች የሀብታሞቹ ናቸው። ጠራቢው፣ ውሃ ቀጂው፣ ዓሣ አጥማጁ የኖረው በጭቃና በዘንባባ ቅጠል ቤት ነበር፤ ያ ሁሉ አፈር ሆኗል፣ አሁን ዛፍ በቅሎበታል። ዛፍ ብቻ የሚታይህ ቦታ ላይ ቆም ብለህ ሰፈር አስብ። የድሃውን ቤት ሳያስብ የሚመለስ ጎብኚ ግማሿን ከተማ አላየም።

6. በመቃብሮቹ ዘንድ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። አንዱ ዘመኑ ተጽፎበታል፤ 802 ዓመተ ሂጅራ ይላል፣ ያም እ.ኤ.አ. 1399 ነው። በዙሪያው የሚኖሩት የሚጂኬንዳ ሰዎች ቦታውን የመናፍስት ማደሪያ አድርገው ያከብሩታል። መስጊዱ ጣራ ባይኖረውም መስጊድ ነው። ግንብ ላይ አትውጣ፣ ስምህንም አትጫር።

7. ለምን ባዶ ቀረች ብለህ ጠይቅ፣ አንድ መልስም አይብቃህ። ሊቃውንት የጉድጓዱን ውሃ መራቅ ያነሣሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1580ዎቹ ዚምባ የተባሉ ተዋጊዎች ያደረሱትን ወረራ ያነሣሉ፣ የፖርቱጋሎችን መምጣትና የንግዱን መዛወር ያነሣሉ። ከሰሜን እየገፋ የመጣውን የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴም ይጨምራሉ። እንግዲህ የእኛ አገር ታሪክ እዚህ ግንብ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ኢትዮጵያዊነትህና ኬንያ ማደግህ ሁለት የተለያየ ነገር እንዳይመስልህ። በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጌዲ የውስጥ ቅጥር ስትሠራ፣ ሐረርም በአሚር ኑር ዘመን ጁገል በተባለው ቅጥር ታጠረች። አንዷ ተፈታች፤ አንዷ እስከ ዛሬ ሰው ይኖርባታል።

8. ስለዚህ በሚቀጥለው ዕረፍትህ ሐረር ሂድ። ከጥንቶቹ አምስት በሮች በአንዱ ግባ፣ በፈረስ መጋላ አደባባይ አድርገህ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ውረድ፣ ልብስ ሰፊዎቹን ሰላም በል። ጌዲ ላይ ወለልና ግድግዳ ብቻ ያየኸውን፣ እዚያ ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ስፌት ተሰቅሎበት፣ ሰው ተቀምጦበት ታየዋለህ። ግን እዚያ ቤቱ ባለቤት አለው። ደጃፍ ላይ ሆነህ ጥራ፣ ግባ ካሉህ ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሣ።