አንድ ስም፣ ሁለት ደዌ

ጥያቄ፦ የወንድሜ የአንገት ንፍፊት የቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ቢጀምርም አልጎደለለትም። የተላላፊ በሽታ ሐኪሙ አሁን ንፍፊቱ ወጥቶ ይመርመር ማለታቸው ስለ ምን ይሆን?

መልስ፦ ቋንቋችን ቲቢንም ካንሰርንም «ነቀርሳ» ሲል እንደኖረ ሁሉ፣ ሁለቱ ደዌያት በትኩሳት፣ በሌሊት ላብና በክሳት ተመሳስለው ሐኪሙን ያሳስታሉ። ሐኪሞቹ ፒተርስዶርፍና ቢሰን በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ምክንያቱ የተሰወረ ረጅም ትኩሳት ካደረባቸው 100 ሕሙማን 36ቱ ተላላፊ በሽታ፣ 19ኙ ግን ካንሰርና መሰል ዕጢ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ ተሐዋስያንን ሲያሳድድ የኖረ ሊቅ፣ ከንፍፊቱ በመርፌ የሚቀዳ ጠብታ ሳያረካው ንፍፊቱ በሙሉ ወጥቶ በአጉሊ መነጽር እንዲታይ ማዘዙ፣ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ተሰውሮ እንዳይቀር በመጠንቀቅ ነው። ወንድምዎ ሳይውል ሳያድር ይመርመር፤ የጀመረውንም መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ። እግዚአብሔር ይማረው።