ንጹሕ ውኃን በተሳቢ ጭኖ በኮረኮንች መንገድ ስለ መጓዝ

ክቡራን ነጋዴዎች ዕቃን ስለ መጫንና ስለ ማሰር ብዙ ያውቃሉ። ቡናም ሆነ ሰሊጥ ወይም ቆርቆሮ፣ በገመድ በደንብ ከታሰረ በኋላ እስከሚራገፍበት ቦታ ድረስ በተቀመጠበት ይቆያል። ውኃ ግን ጠባዩ ከሌላው ጭነት ሁሉ ይለያል፤ ዕቃው ታስሮ ሳለ ውስጡ ይንቀሳቀሳል፤ በየቀኑ ይጎድላል፤ ቢበላሽም መበላሸቱ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ሠራተኞቻቸውን ከዋናው መንገድ አስወጥተው ወደ ሩቅ የገጠር ገበያ ለሚልኩ ነጋዴዎች ይጠቅማል በማለት ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

እኔ በጸሓፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ከአፋር ቆላ ፍየል እየገዛ በሞጆ ለሚገኙ የኤክስፖርት ቄራዎች ያቀርባል። ገዢዎቹ አምስት ሆነው በአንድ ፒክአፕ ይሄዳሉ፤ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢም ከኋላ ይጎተታል፤ በእርሱም ላይ ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ስንቅና ውኃ ይጫናል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አንድ ጉዞ ውኃው በባለ 200 ሊትር በርሜል ተሞልቶ ከተሳቢው በስተኋላ ቆሞ ነበር። በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ወደ ግማሽ ከጎደለ በኋላ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ሲወርዱ ገመዱ ተበጠሰ፤ ተሳቢውም በጎኑ ተጋደመ፤ ውኃውን አሸዋ ጠጣው። መኪናው ደግሞ በአሸዋው ተቀረቀረ። የተረፈው ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር ያኖረው አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ ሲሆን፣ ከዚያውም ላይ ራዲያተሩ ድርሻውን ወሰደ። በማግስቱ ቀትር ላይ መንገደኞች ሲደርሱላቸው ከአምስቱ አንዱ ወጣት ራሱን ስቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጤና ጣቢያ ታክሞ ዳነ። ፍየሎቹን ግን ሌላ ሰው ገዛቸው።

ገመዱን ያሰረው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ በቢሮአችን ብዙ ክርክር ተደረገ። እኔ ነገሩን ከመረመርሁ በኋላ ዋናው ጥፋት የበርሜሉ እንጂ የገመዱ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በርሜሉን የገዛሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ 200 ሊትር ውኃ ማለት የበርሜሉን ክብደት ሳንቈጥር ሁለት ኩንታል ማለት ነው። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ውኃው የሚሄድበት ቦታ ስለማያገኝ እንደ ማንኛውም ደረቅ ጭነት ይቀመጣል። ግማሽ ሲሆን ግን ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ጊዜ ወደ ፊት፣ በታጠፈ ጊዜ ወደ ጎን ይገፋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይማታል። አንድ ኩንታል የሚያህል ነገር ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ የሚገፋውን ገመድ ማንም ቢያስረው መላላቱ አይቀርም። ስለዚህም ነው በትልልቅ የውኃ ቦቴዎች ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ግድግዳዎች የሚበየዱት። ቦቴ የሌለው ነጋዴ ይህንኑ ጥቅም በቀላል ዋጋ ሊያገኝ ይችላል፤ በአንድ በርሜል ፋንታ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይጫን። አንዱ ጀሪካን ፈጽሞ ሳያልቅ ሌላው አይከፈት፤ እንዲህ ከሆነ በጉዞው ሁሉ ጎደሎ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። አንዱ ቢቀደድ ወይም ቢቆሽሽም ዘጠኙ ይተርፋሉ።

የሚቀመጡበትም ቦታ በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። ከተሳቢው ጎማ በስተኋላ ከባድ ነገር ከተጫነ የመሳቢያው አንገት ወደ ላይ ይቀልና ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ስለዚህ ጀሪካኖቹ በወለሉ ላይ፣ ከአክሱ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት፣ በግራና በቀኝ እኩል ሆነው ይደርደሩ፤ ሲከፈቱም ከግራና ከቀኝ በተራ ይሁን። ከተጫነው ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው በአንገቱ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ይህን ለማወቅ ከመጋዘን ሚዛን የተሻለ መሣሪያ አያስፈልግም። ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ አንገቱ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ከፍታ ልክ፣ በሚዛኑ ላይ በቆመ እንጨት ላይ ይረፍ፤ ተሳቢው 800 ኪሎ ከሆነ ሚዛኑ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ማሳየት ይገባዋል። ሾፌራችን በመጀመሪያ በዚህ ሥራ ሳቀብኝ፤ ዛሬ ግን ሳይመዝን አይወጣም።

ኮረኮንች መንገድ ጀሪካንን የሚያጠፋው በመፈግፈግ ነው። ፕላስቲኩ ከብረት ጋር ሲፋተግ ስለሚሳሳና ስለሚበሳ፣ ከሥርና ከመካከል አሮጌ ጆንያ ይነጠፍ፤ ከላይም ሸራ ይልበስ። ሸራው ፀሐይን ስለሚከለክል ውኃው አረንጓዴ እንዳያበቅልም ይረዳል። የክዳኑ ጎሚኒ በየጉዞው ይታይ። ከተሳቢው ሥር ወጣ ብሎ የሚንጠለጠል ቧንቧ ግን ድንጋይ ስለሚመታው ባይኖር ይሻላል።

ብዙ ሰዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ጎደሎ ሆኖ በጥብቅ የተዘጋ ጀሪካን፣ ከ500 ሜትር በታች ወደ ሆነው የሰመራ ቆላ ሲወርድ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ የአየር ግፊት ሥራ ነው፤ ክዳኑን ለአፍታ መክፈት ይበቃዋል።

ጀሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ቢሆን መልካም ነው፤ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። የተባይ መርዝ፣ የነዳጅ ወይም የኬሚካል ዕቃ ግን መቶ ጊዜ ቢታጠብም ለመጠጥ አይሁን። ከሥሩ የተጻፈው ቍጥር የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ይነግረናል እንጂ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበት አይነግረንም። ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ ለ20 ሊትር፣ ክሎሪኑ ከመቶ 5 የሆነና ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 40 ጠብታ ያህል፣ ይጨመርበትና ለ30 ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰው አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

በመንገድ እንቀዳለን ብሎ በጥቂት ውኃ መነሣት ግን ሌላ አደጋ አለበት። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጕድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድና ጨው የበዛባቸው ናቸው፤ ይህንንም ማፍላትም ሆነ በረኪና አያስወግደውም። የዓለም የጤና ድርጅት የፍሎራይድን ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም አድርጎ ወስኖታል፤ ከዚህ የበዛውን ለብዙ ዘመን መጠጣት ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል። አንድ ቀን ቢጠጡት አይገድልም፤ ገዢዎቻችን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው።

ልኩን እንደሚከተለው አስበነዋል፤ በሐሩር ለሚሠራ ሰው ለመጠጥ 6 ሊትር፣ ለወጥና ለመታጠቢያ 4 ሊትር፤ ለአምስት ሰው በቀን 50 ሊትር ይሆናል። ለአራት ቀን 200 ሊትር፣ ለአንድ የመጠባበቂያ ቀን 50፣ ለራዲያተር ተለይቶ 20። ቍጥሩን ከነዳጁና ከውሎ አበሉ ጋር በጉዞ መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሲመለሱም ሙሉውንና ባዶውን ቈጥሬ እረከባለሁ። ባለፈው ጉዞ ሦስት ጀሪካን ሳይከፈት ስለ ተመለሰ፣ አሠሪዬ ትርፍ ጭነት ነውና ከሚቀጥለው ይቀነስ አሉኝ። የ2011ን መዝገብ አውጥቼ አሳየኋቸው፤ አልተቀነሰም።