የጨረር ሕክምናና የነፍስ አባት ምክር

በጅማ ዙሪያ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ የሽንት ችግሩን በኀፍረት የሚሸሽግ ወይም ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ የሚታገሥ አረጋዊ አባት አይታጣም። የሽንት መቆራረጥ ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የፕሮስቴት ዕጢ በዕድሜ ብዛት ያለ ካንሰርም ያድጋል። ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው። ደም የቀላቀለ ሽንት ወይም የማይለቅ የወገብ ሕመም ሲኖር ደግሞ መዘግየት አይገባም።

ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ሊኒየር አክስለሬተር በተባለው መሣሪያ ይሰጣል።

በምስል የሚመራ ሕክምና

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች፣ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ ፊት ለፊት የሚገኝ ትንሽ ዕጢ ነው። ፊኛው ሲሞላና ሲጎድል፣ አንጀቱም ሲነፋ፣ ዕጢው በሚሊ ሜትሮች ይንቀሳቀሳል። በምስል በሚመራ የጨረር ሕክምና ከጨረሩ በፊት ምስል ይነሣል፤ ምስሉም ከመጀመሪያው ዕቅድ ጋር ተመሳክሮ የታካሚው አልጋ ይስተካከላል። ጨረሩ በዕጢው ላይ ሲያርፍ በፊኛውና በአንጀቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል።

ስለዚህም ታካሚው ብዙውን ጊዜ በተወሰነ ሰዓት የተመጠነ ውኃ ጠጥቶ እንዲቀርብ ይታዘዛል።

የካህናት ድርሻ

የሚጾም አባት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም» ቢል ፊኛው እንደ ዕቅዱ አይሞላም፤ የዕለቱ ሕክምናም ሊስተጓጎል ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስጨንቅ ካህናት ያውቃሉ፤ ታካሚው ግን ይህን ከነፍስ አባቱ አንደበት መስማት ይሻል። ጠበል የሚሻውንም «ሕክምናህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ» ልንለው ይገባል፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ የተቋረጠ ጨረር ኃይሉ ይቀንሳልና።

ከውጭ የሚሰጠው ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም። ታካሚው የልጅ ልጁን ሊያቅፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ መሶብ ሊቆርስ ይችላል።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

የአንድ ቀን ሕክምና የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው፤ ነገር ግን በሳምንት አምስት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይቀጥላል። ከገጠር የመጣን አባት ከሕክምናው የሚያስቀረው የማደሪያ እጦትና የቡናው ለቀማ ሊሆን ይችላል።

ለውይይት

1. በጅማ ያሉ አጥቢያዎች ለታካሚዎች ማደሪያ እንዴት ያዘጋጃሉ?
2. የታካሚውን ቡና የሚለቅሙለት የጽዋ ማኅበርተኞች እነማን ናቸው?
3. የነፍስ አባቶች ስለ ጾምና ሕክምና ልጆቻቸውን መቼ ያስተምራሉ?